የቀደመን ጎማ

ጥቅምት ሊገባደድ፣ ነሃለም ወሽመጥ ላይ
ጭጋግ ተንጋሎ ሳለ ከውሃው በላይ፣
አጎቴ ኦሪን አለኝ፦ «ዛሬን ብቻ እንሂድ፤
ከነገ ወዲያማ የክረምት ነው መንገድ።»

ሰባ አራት ሞልቶታል። ቀኝ ጆሮው አይሰማም።
ጆሮ ዳባ ልበስ አይደለም፤ እውነት ነው፤
በሞተር መጋዝ ጩኸት ጫካ ያለቀ ነው።
መሪውን ሲይዝ ታዲያ፣ ከጎኑ ስቀመጥ፣
የኔ ወሬ ሁሉ በዚያ በኩል ነው የሚሰምጥ።

ባለፈው ሳምንት ማታ ከባሕር ስንመለስ፣
ነዳጅ ልንሞላ ቆመን፣ የተሳቢውን ጎማ ብዳስስ፣
ሞዞው እንደ ካውያ መዳፌን ፈጀው።
ጨው ውሃ ጠጥቶ ነው ኩሽኔታው ያረጀው።
«ግራሶ ያስፈልጋል» ብዬ ተናገርኩኝ፣
ወንበሬ ተመልሼ፣ በቀኙ እንዳለሁኝ።
አንገቱን ነቀነቀ። የሰማ መሰለ።
መድገም ስችል ተውኩት፤ ስንፍናዬ አየለ።

ሰባት ወጥመድ ጣልን፣ የሳልመን ራስ ከተን፣
ሞልቶ ሊጎድል ሲል፣ ውሃው ፀጥ ሲልልን።
ስድስቱን አገኘን። ሰባተኛው ጠፋ።
«የባሕሩ ግብር ነው» አለ፣ ምንም ሳይከፋ።
ገመድ ስስብ ጣቴ የኔ አልመስል አለኝ፤
ብርዱ በጓንቴ ውስጥ ገብቶ ቆረጠመኝ።
እሱ በቬልዳ ማስመሪያ ጀርባቸውን ይለካል፣
(አክስቴ በሕይወት ሳለች ቀሚስ የምትቀድበት)
ሴቷን ይመልሳል፣ ታናሹን ይለቃል፣
ትልቁን ወንድ ብቻ ባልዲ ውስጥ ይጥላል።
አሥራ አንድ ሸርጣን። እግር በእግር፣ ጥፍር በጥፍር፣
ከእርጥብ ጆንያ ሥር የሚንሾካሾኩ እንደ ምስጢር።

ያን ያህል የፈራነው ባሕር በሰላም ሸኘን፤
ጠላት በደረቅ ምድር፣ እኛው አስረነው፣ ከኋላ ተከተለን።

ሲመሽ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ጥድ በሁለት ወገን፣
አንድ ጎማ ብቻውን እየተንከባለለ ቀደመን።
ነጂ የሌለው፣ መብራት የሌለው፣ የቸኮለ ጎማ፣
ቢጫውን መስመር ይዞ፣ ለሠርግ እንደዘገየ ሚዜ ወደ ከተማ።
«አየህ» አለኝ ኦሪን፣ «የአንዱ ምስኪን ጎማ!
ወልቆበት ነው። እግዜር ይርዳው።»

ምስኪኑ እኛ ነን
ለማለት አልደረስኩም።

ከኋላ ብልጭታ፣ ከኋላ የብረት ጩኸት፣
ጀልባችን ወዲያ ወዲህ፣ እንደ ውሻ ጅራት፤
ስንጎትተው የዋልነው ይጎትተን ጀመር።
ኦሪን ፍሬን አልነካም። ነዳጁን ለቀቀ፣
እንቁላል እንደያዘ ሰው መሪውን ጠበቀ፣
ሳይጫን፣ ሳያላላ፣
ጠጠሩ ላይ አቆመን።
ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ የሰማሁት
የቬልዳ ማስመሪያ ከዳሽቦርዱ ሲወድቅ ነው።

ባልዲው ተገልብጦ፣ አሥራ አንዱም መንገድ ላይ ነበሩ፤
በባትሪዬ ብርሃን በጎን ሲራመዱ፣
ባሕሩ በየት እንደሆነ ሳይጠፋቸው መንገዱ።
ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ከላይ መጣ፤
ባትሪ እያወዛወዝኩ ወደ መሃል ስወጣ
ቆመ። ሹፌሯ ወረደች፣ ቲርዛ ትባላለች፤
ሦስት ቀይ ምልክት ደርድራ፣ ባዶውን ሞዞ አጎንብሳ አየች።
«ግራሶ መቼ ነው ያየው?» ስትል በግራ ጆሮው፣
ሰማት። ወደኔ ዞረ። ዓይኑ ላይ ነው ጥያቄው።

«ነግሬህ ነበር» አልኩት።

«በየትኛው ጆሮዬ?»

መልስ አልነበረኝም። ሸርጣን መልቀም ያዝኩኝ።
ሰባቱን አገኘሁ። ሁለቱን ለቲርዛ ሰጠናት፣
በቆብ ጠቅልላ ወሰደቻቸው።
ጎማው እስከ ዛሬ አልተገኘም፤
እርጥቡ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ይሆናል፣
ወይ ደግሞ አሁንም ይወርዳል።

ዘንድሮ እኔ ነኝ የምነዳ። ግራ ጆሮው በኔ በኩል ነው።
በየሠላሳ ደቂቃው ቆሜ፣ ወርጄ፣ ሞዞውን በመዳፌ አያለሁ፤
ተመልሼ ስገባ፣ ገና አንድ ቃል ሳልናገር፣
«አትጩህብኝ!» ይለኛል፣ «ሰማሁ።»